ግማሽ ሴንቲሜትር

ጥቅምት 8

ማስመሪያዬ ተሰበረ። ክርኔ ነካው፣ ወደቀ፣ ለሁለት። ቢሮ የገባሁ ሰሞን የተሰጠኝ የእንጨት ማስመሪያ… ሃያ ስድስት ዓመት። ባል እንኳ እንዲህ አይቆይም። ስባሪውን ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ንብረት ክፍል ሄድኩ። ለአንዲት ማስመሪያ በሦስት ቅጂ ቅጽ ሙዪ ተባልኩ። ሰውዬው ሳቀ። "ማስመሪያ ማስመሪያ ጠፋባት!" ይላል ለጓደኛው። ቅጽል ስሜን የማላውቅ መስሎታል። ተማሪው ሁሉ ከኋላዬ "ማስመሪያ" ነው የሚለኝ። ይበሉ። ከዚህ የባሰም ስም አለ።

"ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ የሚለኩት ምንድን ነው?" አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ነዋ፣ አልኩት። የግራውን ኅዳግ። አራት ሴንቲሜትር። ከዚያ ካነሰ ጠራዡ ሲሰፋው ፊደሉን ይበላዋል። ሌላውን ጎን በዓይኔ ነው የማየው፤ ግራውን ግን በማስመሪያ። ልክ ከሆነ ማህተም፣ ካልሆነ ይመለሳል።

"እና ለዚህ ነው ሰው ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚያለቅሰው?"

አዎ፣ ለዚህ ነው።

አዲሱ የብረት ነው። ያብረቀርቃል። እጅ ላይ ይቀዘቅዛል።

ጥቅምት 23

ዛሬ ዘጠኝ መጣ። ዘጠኙንም መለስኩ። ሁሉም ሦስት ተኩል! ዘንድሮ ምን ነካቸው? "እትዬ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ አራት ነው ያደረግሁት እኮ…" ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል፣ ተማክረው የመጡ ይመስል። ኮምፒዩተሩ አራት ካለ ወረቀቱ ለምን ሦስት ተኩል ይላል? እኛ በታይፕ ስንመታ አንድ መስመር ከተበላሸ ገጹ ሙሉ እንደገና ነበር። አሁን አንዴ ጠቅ ሲያደርጉ መቶ ገጽ ይስተካከልላቸዋል። ለእሷም ሰነፉ።

አለቃዬ ከጠረጴዛዬ ፊት ወንበር ይደረግ አለ። ዕድሜው የልጄ ነው፤ ልጅ ቢኖረኝ። አሻፈረኝ አልኩ። ወንበር ካለ ክርክር ይረዝማል። የቆመ ሰው ቶሎ ይሄዳል።

ኅዳር 6

ተማሩ! በዚህ ሳምንት የመጣው ሁሉ አራት፣ አራት፣ አራት። ማህተም ስመታ ዋልኩ። ቁጣ ይሠራል ማለት ነው።

ከግቢው በር ማዶ ባለው ኮምፒዩተር ቤት በኩል ሳልፍ ባለቤቱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ እጅ ነሳኝ። የግማሹን ተማሪ ጽሑፍ የሚያስተካክለው እሱ ነው። "እትዬ፣ ዘዴዎትን አግኝተነዋል!" አለኝ እየሳቀ። የምን ዘዴ? አልጠየቅኩትም። እኔ ልክ ሆኖ ይምጣልኝ እንጂ…

ኅዳር 11

ወንድሜን ጋሼን ሳል ይዞታል። ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው "አናጺ የሚሳለው ሰጋቱራ ነው፣ ይወጣል" አለኝ። መጋዝ ከሰቀለ አራት ዓመቱ። የምን ሰጋቱራ?

ኅዳር 14

አንዲት አዋላጅ ነርስ መጣች። አርባ ዓመት ይሆናታል። ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው፤ እግሯ አብጧል። ጽሑፏን ሳገላብጥ… አላፍርም፣ ደስ አለኝ። አርእስቱ ወጥ ነው። ማውጫው ከገጾቹ ጋር አንድም ቦታ አይጣላም። ከፊት ያሉት ገጾች በሮማ ቁጥር፣ ከምዕራፍ አንድ ጀምሮ በተራው ቁጥር። ሠላሳ አንድ ሰንጠረዥ፣ አንዱም ከገጽ ገጽ አልተቆረጠ።

"ማን ሠራልሽ?"

"ራሴ ነኝ እትዬ። ተረኛ ባልሆንኩ ቀን ቁጭ ብዬ ተማርኩት። ማውጫውን ራሱ እንዲያወጣ ማድረግ ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።"

ለካሁት። ሦስት ተኩል።

አላለቀሰችም። ማስመሪያውን አየችው። እኔን አየችኝ። "አራት ነው ያደረግሁት" አለች፣ ለራሷ የምትናገር ይመስል። ምናልባት የሠራሽበት ማተሚያ አጥብቦት ይሆናል፣ ሌላ ቦታ አሳትሚው አልኳት። ይቺን ያህል ለማንም መክሬ አላውቅም።

መዝገቧን አየሁት። ሁለቴ ወልዳ፣ አንዴ ደግሞ ታማ አቋርጣለች። ለመጨረስ የሚፈቀደው ስድስት ዓመት ሊሞላ ነው። እስከ ታኅሣሥ 27 ማህተም ካላገኘች ትሰረዛለች። ጊዜ አላት፤ አንድ ወር ተኩል ምን ያንሳል?

ታኅሣሥ 11

አዋላጇ ተመለሰች። በሌላ ማተሚያ አሳትማው። ሦስት ተኩል!

ከበሩ ማዶ ያለው ሰውዬ "አራት ተኩል አድርጊውና ይለቁሻል" ብሏት ነበር አሉ። እንቢ ብላዋለች። "መመሪያው አራት ይላል" አለችኝ። "አራት ተኩል ባደርገው ሠላሳ አንዱ ሰንጠረዥ ይፈርሳል። ደግሞስ እትዬ… አራት አይደለም እንዴ የሚፈልጉት?"

አራት ነው የምፈልገው አልኳት። ያመጣሽው ግን አራት አይደለም።

ያን ጊዜ እጇን ጠረጴዛዬ ላይ አደረገች። ሁለት ጣቷን ከፈት አድርጋ። "እኔ ሴንቲሜትር በጣቴ ነው የማውቀው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ። ምጥ የያዛት ሴት ስትመጣ የማህፀኗን አፍ በጣቴ እለካለሁ። አራት ከሞላ አልጋ ትይዛለች። ሦስት ተኩል ከሆነ ገና ነሽ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ ትባላለች። በዚያች ግማሽ ሴንቲሜትር መንገድ ላይ የወለደች አለች። መንገድ ላይ የቀረች አለች። ስለዚህ አራት ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ።"

ከኋላዋ ሰልፍ ቆሟል።

"እስቲ ማስመሪያውን ልየው" አለች።

ማስመሪያዬን ማንም አይነካም። የእንጨቱን እንኳ ሃያ ስድስት ዓመት ማንም ነክቶት አያውቅም። "ይሄ ማዋለጃ ክፍል አይደለም" አልኳት። "ቀጣይ!"

ቤት ስገባ ጋሼ "ምን ሆንሽ፣ ፊትሽ ጠቁሯል" አለኝ። ድካም ነው አልኩት። ምን ሆንኩ ግን? ሥራዬን ነው የሠራሁት።

ታኅሣሥ 27

መጣች። ሲከፈት ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

በዚህኛው ጊዜ ላፕቶፕ ይዛለች፤ የእህቷ ነው። ከፍታ አሳየችኝ። ከጽሑፉ በላይ በስክሪኑ አናት ላይ ትንሽ ማስመሪያ አለች፤ ቁጥሮች የተደረደሩባት። "ይኸው እትዬ፣ እዚህ ጋ አራት። እዚህ ጋ ጽሑፉ ይጀምራል።" በጣቷ ታሳየኛለች። ጥፍሯ እስከ ሥሩ የተቆረጠ ነው።

እኔ የምለካው ወረቀት ነው እንጂ መስታወት አይደለም አልኳት። ደግሞ አባባሌ ደስ ብሎኝ ነበር!

ለካሁት። ሦስት ተኩል። ሌላ ገጽ። ሦስት ተኩል።

"ዛሬ መጨረሻዬ ነው" አለች። "ይሄ ወረቀት ከሌለኝ የማዋለጃ ክፍሉን ለሌላ ሰው ይሰጡታል። እኔ ብሆን ኖሮ… አንድ ክፍል ነው የምፈልገው እትዬ። አራት ያልሞላላቸው ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት አንድ ክፍል። ሌላ ምንም አይደለም።"

ከበሩ ማዶ ሄደሽ አስተካክለሽ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አምጪው አልኳት። ሄደች። አሥር ሰዓት ላይ ባዶ እጇን ተመለሰች። አራት ተኩል ሲያደርጉት ሰንጠረዦቹ ተበታተኑ፣ የገጽ ቁጥሩ ተዛነፈ፣ ማውጫው ሁሉ ሌላ ሆነ። በአንድ ከሰዓት የሚጠገን አይደለም። ቆማ ቀረች። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ምናልባት ልቤ ይራራ እንደሆነ ብላ ነው መሰለኝ።

አልራራሁም። ለአንዷ ብራራ ለሌላው ምን እላለሁ?

ስወጣ ጽሑፏን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። "እርስዎ ይያዙት" አለች።

ጥር 3

የተሰረዙ ተማሪዎች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ። አራተኛው እሷ ናት። አንብቤ አለፍኩ። ተመልሼ ደግሞ አነበብኩት። ለምን?

ጥር 15

ፊደሉ ቢጣመምም ልጻፈው።

ሥራ ስለበዛ ዓርብ ዕለት ስምንት ጽሑፍ ከነማስመሪያው ወደ ቤት ይዤ መጣሁ። ዛሬ እሁድ፣ ከቁርስ በኋላ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁና መለካት ጀመርኩ። ጋሼ ወንበሩን አስጠግቶ ያየኛል። ሥራ ስፈታ እጄ ያሳክከኛል የሚል ሰው ነው፤ የሰው ሥራ ማየትም ይወዳል።

"አንቺ" አለኝ። "ከየት ነው የምትጀምሪው?"

"ምኑን?"

"መለካቱን።"

ከጫፉ ነዋ አልኩት። የማስመሪያውን ጫፍ ከወረቀቱ ጫፍ፣ ልክ ለልክ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ።

ተቀበለኝና ወደ ዓይኑ አስጠጋው። ዓይኑ ደክሟል፤ ግን አናጺ ነው። በአውራ ጣቱ ጥፍር የብረቱን ጫፍ ዳሰሰው። "የዚህ መጀመሪያው ጫፉ አይደለም። መጀመሪያው ይቺ ጭረት ናት። ከጭረቷ በፊት ይኸው ባዶ ብረት አለ። የእንጨቱ ነበር ከጫፉ የሚጀምረው። የኔ እህት፣ ግማሽ ሴንቲሜትር እየበላሽ እኮ ነው።"

ነጥቄ አየሁት። ጭረቷ አለች። ዜሮም ተጽፎባታል። ቁልጭ ብላ! ሦስት ወር እጄ ላይ የዋለ ነገር… ዓይኔ ያየዋል፣ እጄ ግን የድሮውን ነው የሚለካው።

ሳጥኔን ከፈትኩ። ታኅሣሥ 27 ቤት አምጥቼ እዚያ የከተትኩትን የአዋላጇን ጽሑፍ አወጣሁ። ከጭረቷ ጀምሬ ለካሁት።

አራት።

ሌላ ገጽ። አራት። መቶ አሥራ ስምንቱንም ገጽ ለካሁ። አራት፣ አራት፣ አራት… ጋሼ "በቃሽ፣ ተይው" ይለኛል። አልተውኩም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ውሻዋ እኔ ነኝ።

ጥር 16

ዛሬ ማንም ሳይመጣ ቢሮ ገባሁ። መደርደሪያው ላይ የተጠረዙትን አወረድኩ። ከጥቅምት በፊት ማህተም የመታሁባቸው ሁሉ አራት። ከጥቅምት 8 ወዲህ ማህተም የመታሁባቸው ሁሉ አራት ተኩል። "ዘዴዎትን አግኝተነዋል" ያለኝ ይሄን ነው ለካ! ሰውዬው ለእኔ ሲል ግማሽ ሴንቲሜትር ይጨምር ኖሯል። ተማሪው ሁሉ ያውቃል። ማስመሪያ የምትፈልገው አራት ተኩል ነው፣ አንተ ግን አራት ነው በላት… ከእኔ በቀር ሁሉ ያውቅ ነበር። አዋላጇ ነግራኝም አልሰማኋትም።

ሃምሳ ሦስት ጽሑፍ አሳለፍኩ። ሃምሳ ሦስቱም ስህተት። ከጥቅምት ወዲህ መመሪያውን ጠብቃ፣ ልክ አድርጋ እስከ መጨረሻው የጸናችው አንዷ ብቻ ናት። እሷን መለስኳት። ሦስት ጊዜ።

ጥር 17

ምንም አልጻፍም።

ጥር 18

ጽሑፏን አነበብኩት። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የስንቱን ሰው ጽሑፍ ነው በእጄ ያሳለፍኩት? አንዱንም አንብቤ አላውቅም። ኅዳግ፣ ቁጥር፣ አርእስት፣ ማህተም። ምን እንደሚል ማን ግድ አለው።

ርእሱ ከማዋለጃ ክፍል ደጃፍ ስለተመለሱ እናቶች ነው። ሁለት መቶ አርባ ሴቶችን በየቤታቸው ሄዳ ጠይቃለች። ሠንጠረዥ አሥራ ሰባት፦ "ከተመለሱ በኋላ የት ወለዱ?" ቤት፣ ድልድይ ሥር፣ መንገድ ዳር፣ መኪና ውስጥ። ሠንጠረዥ አሥራ ስምንት፦ "ሕፃኑ በሕይወት አለ?"

ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ የአንዲት እናት ቃል አለ። "ሦስት ተኩል ነሽ፣ ሂጂ አሉኝ። የምቀመጥበት እንኳ ቢኖር እዚያው እቆይ ነበር። መቀመጫ አልነበረም። ቆሜ ቆሜ ሄድኩ።"

መጽሐፉን ዘጋሁ። ከጠረጴዛዬ ፊት ያለው ባዶ ቦታ ታየኝ። አለቅሳለሁ ብዬ ነበር፤ እንባም እምቢ አለኝ።

ጋሼ ገብቶ አየኝ። "ሰው ይሳሳታል" አለ። "እኔ የስንቱን በር አጣምሜያለሁ።"

በር ይነቀላል ጋሼ።

ጥር 21

ልናገር? አምስት ወር ቀርቶኛል ለጡረታ። አምስት ወር! ዝም ብዬ ማስመሪያውን ብቀይር ማን ያውቃል? ከእንግዲህ ከጭረቷ ብጀምር… ይሄን የምጽፈው እኔ ነኝ? ሰው ስመልስ "ሕግ ነው" ስል የኖርኩት?

ጥር 23

ነገርኩት። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ከዚያ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"ለማን ነግረዋል?"

ለወንድሜ አልኩት። "ከዚህ በኋላ ለማንም እንዳይነግሩ።" ስለ እሷ አልጠየቀም። ስንት ሰው ተጎዳ አላለም። ለማን ነግረዋል…

የአዋላጇ ስም ይመለስ አልኩት። ለዩኒቨርሲቲው ጉባኤ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቀጡኝ። ደብዳቤዬን ተቀብሎ አገላበጠው። "ጥሩ ተጽፏል" አለ። ልክ እኔ እንደምለው! ምን እንደሚል ሳያይ።

"የይግባኙ ቅጽ ላይ ሁለት ምክንያት ነው ያለው፤ የተማሪው ሕመም ወይም ሐዘን። የቢሮው ስህተት የሚል ሳጥን የለም።"

ሳጥኑን ጨምሩታ አልኩ።

"እትዬ፣ አንዷን ብንመልስ ሌላውም ተሰልፎ ይመጣል። በእርስዎ ምክንያት ዘገየሁ፣ ሥራ አመለጠኝ የሚል… ደግሞም ሃምሳ ሦስቱ አራት ተኩሎች ምን ይሁኑ? ይፍረሱ?" ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "ቤትዎ ገብተው ይረፉ። መፍትሔ አይጠፋም።"

የካቲት 8

መፍትሔ ተገኘ።

ጉባኤው ትናንት ተሰበሰበ። ዛሬ አለቃዬ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ፊቱ በርቷል። "የጥረዛ ጥራትን ለማሻሻል ሲባል የመመረቂያ ጽሑፍ የግራ ኅዳግ አራት ተኩል ሴንቲሜትር እንዲሆን ተወስኗል። ይህ መመሪያ ከጥቅምት 1 ጀምሮ የጸና ይሆናል።"

ሁለቴ አነበብኩት።

"አዩ?" አለኝ። "አሁን አንድም ስህተት የለም። ሃምሳ ሦስቱም ልክ ናቸው። እርስዎም ልክ ነበሩ።"

"እሷስ?"

"የእሷ ስንት ነበር?"

"አራት።"

"እንግዲያውማ" አለ፣ እጆቹን ዘርግቶ። "በደንቡም አይሆንም ነበር ማለት ነው።"

ክፋት የለውም እኮ ልጁ። ልጠላው ብችል በወደድኩ። ያዘነልኝ መስሎታል። ጠረጴዛዬ ላይ ሻይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

ለካ እንዲህም ይቻላል። ስህተቱ ሲከብድ ማስመሪያው አይቀናም፤ ሕጉ ይጣመማል። ሃያ ስድስት ዓመት ሕግ ሕግ ስል የኖርኩት ለዚህ ነው?

የካቲት 12

ጋሼ፦ "ደብዳቤ ላኪላት።"

ጻፍኩ። ቀደድኩ። ጻፍኩ…

ማታ ደግሞ ሐሳቡን ለወጠ። "ደብዳቤ አይበቃም። እግርሽን አንሺ። በእግሯ ሦስት ጊዜ መጥታለች።"

የካቲት 19

ቅዳሜ። ሄድኩ። ስድስት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ እንደሷ አበጠ፤ ደግ አደረገ።

ጤና ጣቢያው ትንሽ ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ተቀብቷል። ማዋለጃ ክፍሉ በኮሪደሩ መጨረሻ። አንዲት ነርስ "እያዋለደች ነው፣ ይጠብቁ" አለችኝ። የት ልጠብቅ? መቀመጫ የለም። ሦስት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። ሁለት ሰዓት ያህል። አንዷን ጸጉሩን የተላጨ ሰውዬ፣ አዲሱ ኃላፊ መሆኑ ነው፣ "ገና ነሽ፣ ነገ ጠዋት ተመለሺ" አላት። ሄደች። ባሏ ክንዷን ይዞ። በር ላይ ደርሳ ጎንበስ አለች፣ ቆየች፣ እንደገና ሄደች።

አዋላጇ ወጣች። ጓንቷን እያወለቀች። አየችኝ፤ ቶሎ አላወቀችኝም። ከጠረጴዛዬ ጀርባ ካልሆንኩ ማን ያውቀኛል?

ጽሑፏን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስዘጋጅ የመጣሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ።

"አራት ነበር" አልኳት። "የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ማስመሪያውን ከጫፉ ነበር የምጀምረው። አራት ነበር።"

"አውቃለሁ" አለች።

ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል።

"ለጉባኤው ነግሬያለሁ…" አልኩ። "እና?" አለችኝ። መመሪያውን ነገርኳት። አራት ተኩል መሆኑን። ከጥቅምት ጀምሮ መሆኑን። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች። አጭር ሳቅ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ። "ስለዚህ አሁን በእውነትም ተሳስቻለሁ ማለት ነው።"

ይቅር በይኝ አልኳት። ጉልበቷ ላይ ለመውደቅ ዝቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ጠንካራ እጅ ነው ያላት። "ተዉ እትዬ። ሥራ ላይ ነኝ።" ከዚያ ቀስ ብላ፦ "ይሄን ሊነግሩኝ የመጡት ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራስዎ?"

ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት። አላውቅም አልኩ።

ጽሑፉን አልተቀበለችኝም። "ውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ" አለች። "ያልተነበበው እዚያ እናንተ ጋ ነው።" ወደ ክፍሉ ልትገባ ስትል ዞረች። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ሰው ሲመልሱ… መጀመሪያ ቁጭ ያድርጉት። ያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የቆምኩት እንዲራሩልኝ ብዬ አልነበረም። የምቀመጥበት ስላጣሁ ነው። እግሬ አልሄድ ብሎኝ።"

በሩ ተዘጋ።

እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ልመና መስሎኝ…

የካቲት 27

ጋሼ መጋዙን አወረደ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያስላል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ ዋለ። "ስንት ከፍታ ይሁን?" አለኝ። አንተ ታውቃለህ፣ እኔን መለካት አትጠይቀኝ አልኩት። ሁለታችንም ሳቅን። ከስንት ጊዜ በኋላ።

መጋቢት 5

ወንበሩን በታክሲ ይዤ ሄድኩ። ከጠረጴዛዬ ፊት አስቀመጥኩት። አለቃዬ አይቶት አለፈ። ከጀርባዬ አዲሱ መመሪያ ተለጥፏል፣ አራት ተኩል የሚለው በደማቅ ቀለም። እንድለጥፈው ታዝዤ ነበር፤ እምቢ ስል ራሱ ለጠፈው።

መጀመሪያ የመጣችው መነጽር ያደረገች ልጅ ናት። ቁጭ በይ አልኳት። ምን አጠፋሁ ብላ ፈራች። ቁጭ በይ፣ አልኩ ደግሜ። ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ማስመሪያውን አቀበልኳት።

"አንቺ ለኪው።"

"እኔ?"

"አንቺ። ከጫፉ አይደለም። ከጭረቷ ጀምሪ።"

ሰልፉ ላይ ያለው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ለካች። አራት ተኩል። ከበሩ ማዶ ያለው ሰውዬ እንደለመደው። ዛሬ ደግሞ በሕግ ልክ ነው። ማህተሙን መታሁላት። እስከ ከሰዓት እንዲህ ዋልኩ፤ እየተቀመጡ፣ ራሳቸው እየለኩ። ሦስቱን መለስኩ። ተቀምጠው ነው የተመለሱት። አንዱ ብዙ ተከራከረኝ። ሰማሁት።

ሁሉም ከወጣ በኋላ የአዋላጇን ጽሑፍ ከመሳቢያው አወጣሁ፤ ከተሰበረው ማስመሪያ አጠገብ ነው ያለው። ማህተሙን አነሳሁ። ማህተሙ ላይ ያለው ቀን በጣት የሚዞር ነው። ወደ ኋላ አዞርኩት፤ የካቲት፣ ጥር፣ ታኅሣሥ። 27 ላይ አቆምኩት። አንድ ጊዜ ብመታው ማን ያውቃል?

ረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ መልሼ ወደ ዛሬ አዞርኩት። ያን ቀን ቆማ የዋለችው ሴት አሁን አትቀመጥልኝም።